የነገው አውራ ጎዳናና የኃይል ሒሳብ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር

እንደሚታወቀው በጥቅምት ወር 1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በሦስት የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው አንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው ወደ አሥራ ሁለት ዶላር ተጠጋ። ምዕራብ ጀርመን በእሑድ ቀናት መኪና እንዳይነዳ ለጊዜው ከለከለች። አሜሪካም በጥር 1974 ባወጣችው ሕግ የአውራ ጎዳና ፍጥነት በሰዓት ከ55 ማይል፣ ማለትም ከ88 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ወሰነች። በአዲስ አበባ ደግሞ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ይህም አድማ በዚያው ዓመት ለፈነዳው አብዮት ከመነሻዎቹ እንደ አንዱ ሆኖ በታሪክ ተመዝግቧል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። ኢትዮጵያ ግን ዛሬም የምትጠቀምበትን ቤንዚንና ናፍጣ በሙሉ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ኃይሏ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ሲሆን፣ በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ አገሪቱ የምትገዛው ኃይል አንድ ዓይነት፣ የምታመነጨው ኃይል ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ነገር ደግሞ መንገድ ነው። ተሽከርካሪው ሲለወጥ መንገዱስ እንደ ነበረ ይቀጥላልን? ወይስ መንገዱም ራሱ ነዳጅ የሚያድንና ንጹሕ ኃይል የሚሰጥ ሆኖ ሊሠራ ይችላል?

በዚህ ጥያቄ ላይ በዓለም ዙሪያ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተሞክሯል። ከሙከራዎቹ ከፊሎቹ ጠቃሚ ትምህርት ሰጥተዋል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ወተቷን ማንም ያላየው የሰማይ ላም ሆነው ቀርተዋል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችለው መመዘኛ ለማንኛውም መሐንዲስ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋምም የሚለው የተፈጥሮ ሕግ ነው። ከዚህ ሕግ በመነሣት የዚህን ንግግር ፍሬ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር መግለጽ ይቻላል፦ መንገድ የኃይል ምንጭ አይደለም፤ የኃይል ጠባቂ ወይም የኃይል አባካኝ ነው።

1. ነዳጁ የት ይሄዳል?

አንድ ሊትር ናፍጣ በግምት 10 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይዟል። ጥሩ ይዞታ ያለው የጭነት መኪና ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ከመቶ 40 እጅ፣ ማለትም 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የቀረው በጭስ መውጫውና በራዲያተሩ በኩል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ጎማ የደረሰው ኃይል ደግሞ በአራት ነገሮች ላይ ይውላል፤ እነርሱም ጎማው ሲንከባለል የሚገጥመው እንቅፋት፣ የአየሩ ግፊት፣ ዳገቱና ፍሬኑ ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ የመንገድ መሐንዲሱ እጅ ያለባቸው ናቸው።

ክብደቱ ከነጭነቱ 40 ቶን የሆነ መኪና በምሳሌነት ይወሰድ። ይህ መኪና በለሰለሰ አስፋልት ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው እንቅፋት ወደ 2,700 ኒውተን ይደርሳል። በጠጠር መንገድ ላይ ግን ይኸው እንቅፋት እስከ ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው የዳገት ጉዳይ ነው። በመቶ ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል፣ ለዓይን እንኳ በቀላሉ የማይታይ ዳገት፣ ከዚሁ መኪና 3,900 ኒውተን ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ይህም ማለት ከመቶ አንድ እጅ የሆነ ተዳፋት ብቻውን ከመላው የመንከባለል እንቅፋት ይበልጣል ማለት ነው። እንግዲህ የመንገዱን መሥመር በወረቀት ላይ የሚያሰምረው ባለሙያ፣ አንድ ጊዜ በሚወስነው ተዳፋት ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የሚቃጠለውን ነዳጅ አብሮ ይወስናል።

የመንገዱ ወለል ይዞታም እንደዚሁ ነው። የወለል ሸካራነት በዓለም አቀፍ መለኪያ በኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ሲጨምር፣ የቤት አውቶሞቢል የነዳጅ ፍጆታ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል፣ በአውራ ጎዳና ፍጥነት የሚሄድ ከባድ መኪና ፍጆታ ደግሞ ከመቶ አንድ እጅ ያህል እንደሚጨምር በጥናት ተረጋግጧል። አኃዙ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየቀኑ በዚያው መንገድ በሚያልፈው መኪና ሁሉ ሲባዛ ትንሽነቱ ይቀራል። ስለዚህ የተቦረቦረውን አስፋልት የሚጠግነው የጥገና ሠራተኛ፣ ስሙ በኃይል ቆጣቢዎች መዝገብ ባይጻፍም፣ ነዳጅ በማዳን ረገድ ከብዙ ፈጠራ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። የአየር ግፊት ደግሞ በፍጥነት ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አንዲት አካፋ አፈር ሳይነሣ ነዳጅ ሊያድን የታሰበው በዚሁ ምክንያት ነበር።

2. መንገዱ ራሱ ኃይል ያመነጫልን?

የሕዝብን አሳብ ከሁሉ ይበልጥ የማረከው ፈጠራ የሶላር ፓነልን በመንገዱ ወለል ላይ የማንጠፍ አሳብ ነው። በፈረንሳይ አገር፣ በኖርማንዲ፣ ቱሩቭር ኦ ፔርሽ በተባለች ትንሽ ከተማ በታኅሣሥ 2016 አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ በ2,800 ካሬ ሜትር ፓነል ተለብጦ ተመረቀ። ወጪው 5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ውጤቱ ግን ከታሰበው ግማሽ ገደማ ብቻ ሆነ። ፓነሎቹ በመኪናና በትራክተር ክብደት ተሰነጣጠቁ፤ የዛፍ ቅጠል ሸፈናቸው፤ ድምፁም የአካባቢውን ነዋሪ ስላወከ የፍጥነቱ ወሰን ዝቅ እንዲል ተደረገ። ከመንገዱም ከፊሉ ብዙ ሳይቆይ ተነሣ። በቻይና አገር በጂናን ከተማ አጠገብ በታኅሣሥ 2017 የተከፈተው ተመሳሳይ መንገድ ደግሞ በተከፈተ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከፓነሎቹ አንዱ ተሰርቆ ተገኘ።

የእነዚህ ሙከራዎች ድካም ምክንያቱ የሠሪዎቹ ስንፍና አይደለም። የሶላር ፓነል የሚፈልገውና የመንገድ ወለል የሚፈልገው ተቃራኒ መሆኑ ነው። ፓነል ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ ጥላ የሌለበትና ማንም የማይረግጠው ቦታ ይሻል፤ መንገድ ግን ሊረገጥ፣ ሊቆሽሽና መኪና ሊያጠላበት የተሠራ ነው። በአውሮፓ ፓነልን በጠፍጣፋ ማንጠፍ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ተጨማሪ ጉዳት አለው። ለምድር ወገብ በቀረበችው በኢትዮጵያ ይህ የመጨረሻው ችግር ቀላል ነው፤ አቧራው፣ ክብደቱና ጥላው ግን በዚህም አገር እንዳሉ ናቸው።

ከፓነሉ ሌላ፣ ከመኪና ጎማ በታች ክብደት ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ መቅበር፣ እንዲሁም በመንገዱ ዳር መኪኖች በሚያስነሡት ነፋስ የሚዞሩ ተርባይኖች መትከል የሚሉ አሳቦች ቀርበዋል። እዚህ ላይ የኃይል ሕጉ ጥያቄውን ይጠይቃል፦ ይህ ኃይል ከየት መጣ? መንገዱ ከጎማው በታች ይበልጥ እንዲሰጥም ከተደረገ፣ መኪናው ሁልጊዜ ትንሽ ዳገት እንደሚወጣ ሆኖ ይሄዳል፤ የሚገኘውም ኤሌክትሪክ ከነጂው የነዳጅ ታንክ የተቀዳ ነው። በናፍጣ ሞተር ሦስት አምስተኛውን አባክኖ የተገኘውን ኃይል እንደገና በሌላ መሣሪያ አባክኖ መሰብሰብ ትርፍ ሳይሆን ድርብ ኪሳራ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ አግባብ የሚኖረው መኪናው በግድ ፍሬን በሚይዝበት ቦታ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ቦታ ኃይሉ ቀድሞውኑ ሊባክን የተፈረደበት ስለሆነ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ በአእምሮ ይያዝ።

ፓነሉ ከመንገዱ ወለል ወደ መንገዱ ዳር ሲወጣ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ስዊዘርላንድ በ1989 በኩር ከተማ አጠገብ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ድምፅ ለመከላከል በቆመው አጥር ላይ 100 ኪሎዋት አቅም ያላቸው ፓነሎች ተከለች። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት በታኅሣሥ 2008 በሁለት አውራ ጎዳናዎች መገናኛ በሚገኝ ባዶ መሬት ላይ 594 ፓነሎች ተተክለው 104 ኪሎዋት ማመንጨት ጀመሩ። በደቡብ ኮሪያም ከዴጆን ወደ ሴጆንግ በሚወስደው አውራ ጎዳና መካከል የተሠራው የቢስክሌት መንገድ በከፊል በፓነል ጣሪያ ተሸፍኗል፤ ቢስክሌተኛው ጥላ ያገኛል፣ አገሪቱም ኤሌክትሪክ ታገኛለች። በእነዚህ ሁሉ መንገዱ የሚያዋጣው ኃይል ሳይሆን መሬት ነው። በመንገድ ክልልነት ተከልሎ፣ ከእርሻም ከቤትም ተለይቶ ባዶውን የተቀመጠው ዳርቻ ለፀሐይዋ ይከፈታል።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ግምቱ የሚከተለውን ይመስላል። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው የፓነል ተርታ በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ዳር ቢዘረጋ፣ አቅሙ ወደ 600 ኪሎዋት ይሆናል፤ ፀሐይ በሚበዛባቸው የአገሪቱ ክፍሎችም በቀን ከ2,500 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ሊያስገኝ ይችላል። ይህ መጠን ምን እንደሚሠራ ከታች ይታያል።

3. ኃይልን ወደ ተሽከርካሪው ማድረስ

ቀላል አውቶሞቢል ባትሪውን ሞልቶ ሊጓዝ ይችላል። ችግሩ ያለው ከባዱ የጭነት መኪና ላይ ነው፤ ባትሪው በትልቅነቱ መጠን ከጭነቱ ቦታና ክብደት ይወስዳልና። ስለዚህ ኃይሉን በመንገድ ላይ እንዳለ ለማቀበል ልዩ ልዩ ዘዴዎች ተሞክረዋል።

ከእነዚህም ቀዳሚው አዲስ የሚመስል አሮጌ ነገር ነው። ቬርነር ፎን ዚመንስ ከበርሊን ወጣ ብሎ በሚገኝ መንገድ ላይ ከራስጌ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራ ሠረገላ ያለ ሐዲድ የነዳው በ1882 ነበር። ይኸው መሠረተ አሳብ በሰኔ 2016 በስዊድን አገር በጌቭሌ አካባቢ በሁለት ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና ላይ፣ በግንቦት 2019 ደግሞ በጀርመን አገር ከፍራንክፈርት በስተ ደቡብ ለጭነት መኪና ተሞከረ። መኪናው በጣሪያው ላይ ያለውን ክንድ አንሥቶ ሽቦውን እየነካ ይሄዳል፤ ሽቦው ሲያበቃ ክንዱን አጥፎ በባትሪው ወይም በናፍጣ ሞተሩ ይቀጥላል። በደቡብ ኮሪያ በጉሚ ከተማ ደግሞ በነሐሴ 2013 ሁለት የከተማ አውቶቡሶች ከአስፋልቱ ሥር ከተቀበረ ሽቦ በማግኔት አማካይነት ኃይል እየተቀበሉ በ24 ኪሎ ሜትር መሥመር ላይ መመላለስ ጀመሩ። ሽቦ የተቀበረው ከመንገዱ ከመቶ ከ5 እስከ 15 እጅ በሚሆነው ክፍል ብቻ ነበር።

ሙከራዎቹ በቴክኒክ ረገድ ሠርተዋል። ይሁን እንጂ የጀርመኑ ሙከራ በ2024 መጨረሻ ሲያበቃ ወደ ቋሚ አገልግሎት አልተሸጋገረም። ስዊድንም ሃልስበርግን ከኦሬብሮ ጋር በሚያገናኘው መንገድ 21 ኪሎ ሜትር ቋሚ የኤሌክትሪክ መንገድ ለመሥራት ይዛው የነበረውን ዕቅድ፣ የቀረበው ዋጋ ከበጀቱ በላይ ስለሆነ፣ በ2023 አቆመች። በሜዳማ አገር፣ ባትሪ በየጊዜው እየረከሰ ሲሄድ፣ ረጅም መንገድን በሙሉ በሽቦ መሸፈን ወጪውን አይመልስም።

ይኸው ዘዴ ያለ ክርክር የጸናበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ እርሱም የማዕድን ቁፋሮ ጉድጓድ ነው። በደቡብ አፍሪካ በፋላቦርዋ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ በኋላም በዛምቢያ በካንሳንሺ የመዳብ ማዕድን ውስጥ፣ ግዙፍ የጭነት መኪናዎች ከጉድጓዱ ወለል ወደ አፋፉ ሲወጡ ከራስጌ ሽቦ ኤሌክትሪክ ይቀበላሉ። ሽቦው የተዘረጋው በዳገቱ ላይ ብቻ ነው፤ በሜዳው ላይ አያስፈልግም። እንግዲህ ከአፍሪካ ምድር የተገኘው ትምህርት ከአውሮፓው ይልቅ ለኢትዮጵያ የቀረበ ነው፦ ሽቦ ዳገትን ይከተላል።

4. የዓባይ ሸለቆ ምሳሌ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በዚህ አጭር ርቀት መንገዱ ወደ ዓባይ ድልድይ 1,400 ሜትር ያህል ይወርድና ከድልድዩ ማዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። አማካይ ተዳፋቱ ከመቶ ሰባት እጅ ገደማ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 40 ቶን መኪና ይህን ሸለቆ ሲሻገር የኃይሉ ሒሳብ እንዴት ይሆናል?

ለመውጣት ብቻ ጎማው ላይ 168 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም ከ42 ሊትር የማያንስ ናፍጣ ነው። በመውረድ ጊዜ ደግሞ የመንከባለሉ እንቅፋት ከሚወስደው ከተቀነሰ በኋላ 137 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትርፍ ኃይል አለ። ዛሬ ይህ ኃይል ሁሉ በፍሬንና በሞተር ታግዶ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ በዚያ ቁልቁለት ለሚያልፍ ሁሉ የታወቀ ነው። ፍሬኑ ሲከዳ የሚደርሰውም አደጋ እንዲሁ የታወቀ ነው።

መኪናው ኤሌክትሪክ ቢሆን ግን ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጣል። ከትርፉ ሁለት ሦስተኛው እንኳ ቢመለስ 90 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይገኛል። ለመውጣት ከሽቦ የሚፈለገው፣ ልዩ ልዩ ብክነቶች ተጨምረውበት፣ ወደ 200 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ ወራጁ መኪና ከወጪው መኪና ፍላጎት ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀረውን ያቀብለዋል ማለት ነው። በመንገድ ዳር ኃይል ስለሚሰበስቡ መሣሪያዎች ቀደም ሲል የተነሣው ነጥብ የሚሠራው እዚህ ነው፤ የሚሰበሰበው ኃይል ከነጂው የተነጠቀ ሳይሆን ሊባክን የነበረ ነው። ከዚህ በላይ የተሰላው የአንድ ኪሎ ሜትር የፓነል ተርታም በቀን ከአሥራ ሁለት ላላነሱ መኪናዎች መውጫ ይበቃል።

የኃይል አቅርቦቱም ከአቅም በላይ አይደለም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወጣ አንድ መኪና ጎማው ላይ 250 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል። ሃያ መኪናዎች በአንድ ጊዜ ቢወጡ ጎማ ላይ የሚያስፈልገው 5 ሜጋዋት ነው፤ ብክነቱ ሲታከልበት ስድስት ሜጋዋት ያህል ይሆናል። ይህ ከዚያው ወንዝ በታች ከተሠራው ግድብ አቅም ከሺህ አንድ እጅን ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነው።

ይሁንና ምሳሌውን እንደ ተጠናቀቀ ዕቅድ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። በመጀመሪያ የሸለቆው መሬት የሚንሸራተት መሆኑ በሰፊው የታወቀ ነው፤ መንገዱ ራሱ በሚሰነጠቅበት ቦታ ምሰሶ መትከል ብርቱ የአፈርና የመሠረት ጥናት ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ሽቦ የሚያዋጣው በቂ ቁጥር ያላቸው የጭነት መኪናዎች ክንድ ተገጥሞላቸው ሲያልፉ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ በሚገባ የተመጠነ ባትሪ የያዘ መኪና ሲወርድ የሰበሰበውን ይዞ ያለ ምንም ሽቦ ግማሹን ዳገት ሊወጣ ይችላል፤ የቀረውን በደጀንና በጎሃ ጽዮን የኃይል መሙያ ጣቢያ ማሟላት ከሽቦው ይረክስ ይሆናል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የመኪና ቆጠራና የወጪ ስሌት ነው እንጂ ምኞት አይደለም።

5. ማጠቃለያ

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወጣው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ነዳጅ የሚያድነው የተመጠነ ተዳፋትና የተጠገነ ወለል ነው፤ ይህም ዛሬ በእጅ ያለ ዕውቀት ነው። ቀጥሎ የመንገዱ ዳርቻ፣ የክፍያ ጣቢያው ጣሪያና የመኪና ማቆሚያው ለፀሐይ ኃይል ሊውሉ ይችላሉ። ከዚያም ዳገት በበዛበትና ጭነት በበረታበት መንገድ፣ ወራጁ ወጪውን የሚረዳበት ዘዴ ይጠናል። የመንገዱን ወለል ራሱን የኃይል ማመንጫ የማድረግ አሳብ ግን የመጨረሻውን ቦታ ይዞ ይቆይ።

ለአዲስ አበባና ለጂቡቲ መሥመር ከ2018 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ስላለ፣ ከባድ ጭነትን ወደ ሐዲዱ ማዛወር ከማንኛውም የወደፊት አውራ ጎዳና የቀረበ የነዳጅ ማዳኛ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ሐዲድ በማይደርስበት በጎጃምና በሌላውም ደጋ ግን መንገድ ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ተጨባጭ አሳብ ይቀርባል። ዛሬ አንድ የመንገድ ዲዛይን ሰነድ ሲዘጋጅ የአፈሩ ቁፋሮ፣ የድንጋዩና የአስፋልቱ ዋጋ እስከ ሳንቲም ድረስ ይሰላል። በመንገዱ ዕድሜ ሙሉ የሚቃጠለው ነዳጅ ግን በብዙ ሰነድ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ አይሰጠውም። መንገዱን የሚሠራው መሥሪያ ቤት ነዳጁን አይከፍልምና። የሚከፍለው ነጂው፣ ነጋዴው፣ በመጨረሻም ማዳበሪያ የሚገዛው ገበሬና እህል የሚሸምተው የከተማ ሰው ነው። በእያንዳንዱ ሰነድ ውስጥ ከግንባታው ወጪ ጎን የኃይል ሒሳብ የሚቀመጥበት አንድ ገጽ ይጨመር። በዚያም ገጽ መሥመሩ የሚወጣውና የሚወርደው ከፍታ፣ የሚያልፈው ክብደት፣ የሚቃጠለው ነዳጅና በፍሬን የሚባክነው ኃይል በአኃዝ ይጻፉ። ይህ ገጽ ከተጻፈ፣ ሽቦ የት እንደሚያስፈልግ፣ ፓነል የት እንደሚተከል፣ የትኛውን ዳገት መቁረጥ እንደሚያዋጣ ገጹ ራሱ ይናገራል።

የነገው አውራ ጎዳና ሥራ ከዚህ ገጽ ይጀምራል።